አሮጌ ወፍጮ ቤት፣ መጋዘን፣ ጋራዥ ወይስ የጣሊያን ዘመን ቤት? ጎንደር ላይ የጋራ ወርክሾፕ ለምትከፍቱ

ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ሙሉ ጎንደርን በእግራችን አዳረስናት። አምስት ነበርን። አንድ አናጢ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁለት የኤሌክትሪክ ልጆች፣ እና እኔ፤ ብየዳ ለምዶ ብየዳ የተወ ሰው። የምንፈልገው ሥራ የፈታ አሮጌ የሥራ ቤት ነበር። ድሮ እህል የተፈጨበት፣ መኪና የተጠገነበት ወይም ጆንያ የተደረደረበት።

ልንከፍት ያሰብነው «ሜከርስፔስ» የሚሉትን ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ብቻውን ገዝቶ የማይችላቸው መሣሪያዎች አንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ፤ የሰፈሩ ሰው በወር ወይም በሰዓት እየከፈለ ይሠራባቸዋል። ተማሪው የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ይዞ ይመጣል፣ እናት እግሩ የወለቀ ወንበሯን። እኔ የጋራ ወርክሾፕ እለዋለሁ።

ሃያ ያህል ቤት አየን። ሦስቴ ልንፈርም ደርሰን ተመለስን። አንዴ ፈርመን ተቃጠልን፤ እሱን እነግራችኋለሁ። ይህን የምጽፈው እኛን ያዞረን ሌላውንም እንዳያዞር ነው።

## ቤት ከማየታችሁ በፊት

መጀመሪያ ላይ መስፈርት የሚባል ነገር አልነበረንም። ግድግዳው ያማረ ቤት ስናይ ልባችን እዚያው ይቀራል። ጉድለቱ ትዝ የሚለን ማታ ተኝተን ነው። ከስድስተኛው ቤት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ደብተሯን አወጣችና «ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቡና እንኳ አንጠጣም» አለች። እውነቷን ነው። አከራይ ቡና ካፈላልህ በኋላ ጣሪያህ ያፈሳል ማለት ይከብዳል።

ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው። መብራቱ፣ ጣሪያው፣ ወረቀቱ፣ ወለሉ፣ የድሮው ሥራ ትቶት የሄደው ነገር፣ እና ሰው የሚደርስበት መሆኑ። ኪራዩ የት ገባ እንዳትሉ። ኪራይ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።

### መብራት

ለወርክሾፕ ከግድግዳው ይበልጥ ወሳኙ መብራቱ ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። 200 አምፒር የሚል ኢንቨርተር ብየዳ ማሽን በሙሉ ጉልበቱ እስከ 7 ኪሎዋት ይስባል። የጠረጴዛ መጋዝ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት፣ ኮምፕሬሰር 2 ገደማ። የፋብሪካ ሞዴል የስፌት መኪና ግማሽ ኪሎዋት እንኳ አይደርስም። ስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እየደራረበ ዕቃ የሚሠራው ማሽን) ደግሞ ከአምፖል ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ብዙዎቹ ከ150 እስከ 350 ዋት ይበቃቸዋል። መብራቱንና ኮምፒውተሩን ጨምራችሁ ስትደምሩ 16 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ሁሉም አንዴ ስለማይነሳ 10 ኪሎዋት ይበቃል እንበል።

10 ኪሎዋትን በሲንግል ፌዝ (በአንድ የኃይል መስመር)፣ በ220 ቮልት ስትስቡት 45 አምፒር ነው። የመኖሪያ ቤት ሽቦ ይህን አይሸከምም። በስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር) ግን በእያንዳንዱ መስመር 15 አምፒር ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው። ስለዚህ ቤት ስታዩ በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት ቀና በሉና ከምሰሶው የሚገባውን ሽቦ ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ ሲንግል ፌዝ ነው፤ አራት ከሆነ ስሪ ፌዝ። ተጠቅልሎ የሚገባ ኬብል ከሆነ ቆጣሪው ላይ ይነበባል።

ቀን አይታችሁ አትመኑ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዛችሁ ተመለሱ። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምድጃውን ይለኩሳል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። እንደ ወርቅ የወደድኩት አንድ ቤት ነበር፤ ቀን 225 ቮልት ያሳየን ማታ 181 አሳየን። ከ198 በታች ሲወርድ ሞተር ይግላል፣ ያጓራል፣ ዕድሜው ያጥራል። ያ ሰፈር ትራንስፎርመሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ እናንተ ስትጨመሩ ደግሞ ጎረቤታችሁም አይምራችሁም።

«ጀነሬተር እንገዛለን» የሚል አይጠፋም። ይግዛ። ግን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ እንደሆነች ያስብ። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። 10 ኪሎዋት የተጻፈበት ጀነሬተር እኛ ጋ ሲደርስ 8 ነው። ነጋዴው ይህን አይነግራችሁም።

### ጣሪያ

ከቀትር በፊት ፀሐይ ሳለ ግቡ። በርና መስኮቱን ዝጉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ቀና በሉ። ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። አናጢያችን ጣቱን እየቀሰረ ይቆጥር ነበር፤ አንድ መጋዘን ውስጥ 60 ላይ ሲደርስ ተወው።

ቀዳዳ ግን ትንሹ ችግር ነው። ቆርቆሮ ይቀየራል። የሚያስፈራው ቆርቆሮውን የያዘው ካፕሪያታ ነው። እንጨት ከሆነ ግድግዳው ላይ ያረፈበትን ጫፍ በካቻቢቴ ውጉት። ቂቤ እንደመውጋት ገባላችሁ? በልቶታል፤ ምስጥ ወይም እርጥበት። ጣሪያው በሙሉ ወርዶ ሊሠራ ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። በአሮጌ ቤቶች ላይ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የሚመስል ሞገደኛ ክዳን ካያችሁ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ በብሩሽ አትፈትጉት። ክሩ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ያልተሰባበረ ከሆነ ሳይነካ መኖሩ ይሻላል። የተሰባበረ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

### ወረቀት

አሁን የተቃጠልንበትን ልንገራችሁ። ሰፈሩን አልጠራም። ቤቱ ጥሩ ነበር፣ ሰውየውም ጥሩ ነበሩ፤ ጋሽ እያልን ነው የምንጠራቸው። ውል ተፈራረምን፣ የሦስት ወር ከፈልን፣ 14 ቆርቆሮ ቀየርን፣ ግድግዳ ቀባን። በሁለተኛው ወር አንዲት ሴትዮ የወራሽነት ማስረጃቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። እህት ናቸው። ቤቱ የአባታቸው ነው፤ ድርሻ አላቸው፤ ማከራየት አይፈልጉም። እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮው እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ካርታው በማን ስም እንደሆነ እዩ። በሟች ስም ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፣ ወይም በውክልና። ውሉ ውልና ማስረጃ ይግባ። ለጥገና ያወጣችሁት ገንዘብ ከኪራይ እንደሚታሰብ ወይም ውሉ ቀድሞ ቢፈርስ እንደሚመለስ ይጻፍ። የመብራት ውዝፍ ካለ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም በመንግሥት እጅ ናቸው። የያዘው ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። እሱ ለእናንተ ቢያከራያችሁ ውሉ ውል አይሆንም። በቀጥታ ቀበሌውን ወይም ክፍለ ከተማውን ማናገር ነው፤ በግል ሳይሆን ተደራጅቶ፣ በማኅበር ስም።

የሕንፃ አዋጁ የቤትን አገልግሎት መቀየር ፈቃድ እንዲጠየቅበት ያዛል። መጋዘን የነበረውን ሰው የሚሰበሰብበት ስታደርጉት አገልግሎቱ ተቀየረ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አትዝለሉት፤ እሳት የተነሳ ቀን የሚጠየቀው መጀመሪያ እሱ ነው።

### ቀሪዎቹ ሦስቱ

ወለሉን በመዶሻ ቀጥቅጡት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ ተቦርቡሯል። ለስፌትና ለእንጨት ተራ ሊሾ ይበቃል፤ አንድ ቶን የሚመዝን ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ልታስገቡ ካሰባችሁ ግን 15 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ያስፈልጋል። የማሽኑ ቦታ ላይ ብቻ ብትሞሉም ይሆናል።

የድሮው ሥራ ትቶት ስለሚሄደው ነገር እያንዳንዱ ቤት ሥር እመለስበታለሁ።

ሰው የሚደርስበት መሆኑ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ባጃጅ ይደርሳል ወይ? ሴት ልጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብቻዋን ትወጣለች ወይ? የዚህ መልስ ወርክሾፑ የማን እንደሚሆን ይወስናል። በሩ መንገድ ዳር ቢሆን እመርጣለሁ። በእኛ አገር የእጅ ሙያ ለዘመናት ተንቋል። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት ናት። ማረሻውንም ማሰሮውንም ሠርተው ሰጡን፤ «ቡዳ» ብለን መለስንላቸው። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ቶርኖ ሲዞር ቢያይ የሚለወጥ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

ጎረቤትም አለ። የ44 ታቦት ከተማ ነው። ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆናችሁ ቅዳሴ ሳያልቅ ግራይንደር አይነሳም፤ የንግሥ ቀናትን ከወዲሁ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ እንደ ችግር አይቆጠር። ያልተነገረው አዲስ አባል ሲረሳው ነው ችግር የሚሆነው።

## አማራጭ አንድ፦ ወፍጮ ቤት

ወገንተኛ ነኝ፤ ገና ከጅምሩ ልንገራችሁ። የእኔ ምርጫ ወፍጮ ቤት ነው።

ምክንያቱ ውበት አይደለም። አብዛኛው ወፍጮ ቤት አስቀያሚ ነው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ሁለት ክፍል። ግን የወፍጮ ሞተር ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ስሪ ፌዝ መስመርና ቆጣሪ ቀድሞ ገብቶለታል። እናንተ አዲስ መስመር ለማስገባት ደጅ ስትጠኑ የምታጠፉትን ወራት ወፍጮ ቤቱ ከሃያ ዓመት በፊት ጨርሶታል። ወፍጮው የቆመበት ኮንክሪትም መንቀጥቀጥ የለመደ ነው፤ ቶርኖ ብታስቀምጡበት አይሰማውም። ደግሞ ወፍጮ ቤት ሁሌም ሰፈር መሐል ነው። እናቶች እህል ተሸክመው በእግር የሚደርሱበት ተብሎ ነው የተሠራው።

እኛ አሁን ያለንበትን የከፈትንበት ቀን አይረሳኝም። ሞተሩ ተነቅሏል፤ ግድግዳው ላይ አንድ ቺንጋ በሚስማር ተሰቅሎ ቀርቷል፤ እንደ ደረቀ ቋንጣ ተሰነጣጥቋል። የሸረሪት ድሩ ሁሉ ነጭ ነው። ዱቄት። አናጢው አንዱን ቋሚ በመጥረጊያ መታ ሲያደርገው ዓመት የተቀመጠ ዱቄት ወረደብን፤ እየሳቅን ወጣን።

የሚያስቅ ግን አይደለም። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ወፍጮ ቤት የሚይዝ ሰው ብየዳም ሆነ ግራይንደር ከማስነሳቱ በፊት ከጣሪያው ጀምሮ ይጥረግ። በመጥረጊያ ማቡነን አይደለም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው፤ ካገኛችሁ በቫኪዩም። የሶኬትና የማከፋፈያ ሳጥኖችን መብራት አጥፍታችሁ ክፈቱ፤ ውስጣቸው ዱቄት አለ።

ሌላ ምክር። በርበሬ የተፈጨበትን ክፍል ለይታችሁ እወቁ። እኛ አላወቅንም። ክፍሉን ለስፌት ሰጠነው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ወር በማስነጠስ ኖረች፤ ነጭ ጨርቅ ስትዘረጋ ደግሞ በርበሬ መሰለ። ሁለቴ ኖራ ከቀባነው በኋላ ነው የተወን። አሁን እዚያ ብረት ነው የሚሠራው።

ጉድለቱ ጥበቱ ነው። አንድ ጊዜ ከ12 ሰው በላይ አይይዝም። እንጨትና ኮምፒውተር አንድ ክፍል ከገቡ የመጋዝ ብናኝ ፕሪንተሩን ይገድለዋል። መሐል ግድግዳ የግድ ነው፤ ድምፁም ለጎረቤት ይሰማል። ወራሽ ደግሞ ይበዛበታል፤ ወፍጮ የቤተሰብ ንብረት ነው። የተቃጠልንበትም ወፍጮ ቤት ነበር።

## አማራጭ ሁለት፦ መጋዘን

ወደ አዘዞ አቅጣጫ ስትወርዱ የምታዩዋቸው ረጃጅም ቆርቆሮ ቤቶች። ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ያገኘ ቡድን ሁሉ ዓይኑ እዚህ ያርፋል። ሰፊ ነው፣ ከፍታ አለው፣ መኪና በደጁ ይገባል፣ በካሬ ሲሰላ ርካሽ ነው። ፎቶውም ያምራል።

እኔ ፈራሁት። መጋዘን የተሠራው ለጆንያ እንጂ ለሰው አይደለም። መብራቱ ብዙ ጊዜ ለአምስት አምፖል የምትበቃ ሲንግል ፌዝ ናት። መስኮት የለውም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲወርድ ጎን ለጎን ቆማችሁ አትደማመጡም፤ በረዶ ከተጨመረበት ሥልጠና የሚባል ነገር ይቆማል። ኮርኒስ ከነሙቀት መከላከያው ለዚያ ሁሉ ካሬ ስታሰሉት ርካሹ ኪራይ ይረሳል። በጣሪያው ላይ እየተፈራረቀ ብርሃን የሚያስገባ ክዳን ማስገባት ግን ርካሽና ግሩም ነገር ነው፤ ይህን ለማንኛውም ቤት እመክራለሁ።

ምን ተቀምጦበት እንደነበረም ጠይቁ። እህል ከሆነ ይበል። የተባይ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ ከሆነ ወለሉ ጠጥቶታል። በሩን ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ ዓይናችሁ ካቃጠላችሁ መልሱ እሱ ነው።

ርቀቱም አለ። አዘዞ ከፒያሳ አሥር ኪሎሜትር ይዘላል። ቀን ታክሲ አለ፤ ማታ ግን አባል ሰዓቱን እያየ ነው የሚሠራው። እዚያው አካባቢ ለሚኖርና ለሚማር ሰው ግን ይህ ነጥብ ይገለበጣል።

## አማራጭ ሦስት፦ አሮጌ ጋራዥ

ጋራዥ የሥራ ቤት ነው፤ ከማንም በላይ ለብረት ተስማሚ ነው። ስሪ ፌዝ የመኖር ዕድሉ ጥሩ ነው፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ጎረቤቱ ጩኸት ለምዷል። ግቢ ስላለው ቀለም መርጨትና እንጨት ማድረቅ ይቻላል። አውቶ ፓርኮን በመሳሰሉ ሰፈሮች ዕቃ ቢጠፋባችሁ ሁለት በር አልፋችሁ ትዋሳላችሁ። ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፤ ጣሊያን ቢሄድም ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል፤ ወጣቶቹ ከመካኒኮቹ ይህን ቋንቋ መማራቸው ራሱ ትምህርት ነው።

ጠላቱ ዘይት ነው። ሠላሳ ዓመት ዘይት የጠጣ ወለል ቀለም አይዝም፣ ሲሚንቶ አይዝም፣ የብየዳ ብልጭታ ሲወድቅበት ደግሞ ያጨሳል። ላዩን ፈልፍሎ አዲስ ሊሾ ማፍሰስ ነው። ባትሪ የታደሰበት ጥግ ካለ አፈሩ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ልጆች የሚመጡ ከሆነ ተቆፍሮ ይውጣ። መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ በብረት ክዳን ይዘጋ። እንዳትረሱት፤ ከእኛ አንዱ ገብቶበታል።

## አማራጭ አራት፦ የጣሊያን ዘመን ቤት

ፒያሳ ላይ ከ1928 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት የተሠሩት ማዕዘናቸው የዞረ ቤቶች አሉ። አንዳንዶቹ ወርክሾፕና ዕቃ ቤት ነበሩ። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ረጅም መስኮት። ውስጡ ቀን ቀዝቃዛ ነው፤ ድምፅ አያስወጣም። ማንም ሰው ሳይጠይቅ ያገኘዋል። የኤሌክትሪክ ልጆቹ አንዱን ሲያዩ ፎቶ ማንሳት ነው የጀመሩት፤ ሽቦውን አላዩም።

ሽቦውስ? ከቤቶቹ በአንዱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ሽቦ አገኘሁ። ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት። ግድግዳው ደግሞ እንደልብ አይበሳም። ብዙዎቹ ድንጋይ ናቸው፤ በኖራ የተያያዘን ድንጋይ በሲሚንቶ ከለሰናችሁት እርጥበቱን ውስጡ ይዘጋበትና ልስኑ ይላጣል። ኖራውን በኖራ ነው የሚጠግኑት፤ ፋሲል ግንብም በድንጋይና በኖራ ነው የቆመው።

ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዙሪያው የሚሠራ ነገር ሁሉ ዓይን አለበት። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም። መስኮት ማስፋት፣ በር መክፈት፣ የጭስ ማውጫ ማውጣት፤ ሁሉም ደብዳቤ ነው። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ መንገዱ ለቀናት ይዘጋል፤ ያኔ ቤቱን ዘግቶ ወደ ፋሲለደስ መዋኛው መውረድ ነው እንጂ ሥራ የለም።

ለብየዳ አልመክረውም። ለስፌት፣ ለሽመና፣ ለጌጣ ጌጥ፣ ለኮምፒውተርና ለስሪዲ ፕሪንተር ግን ከዚህ የተሻለ የለም። የተሠራውን እዚያው ለቱሪስት መሸጥም ይቻላል።

## ሁሉም በአንድ ላይ

| መስፈርት | ወፍጮ ቤት | መጋዘን | ጋራዥ | የጣሊያን ዘመን ቤት |
|---|---|---|---|---|
| ስሪ ፌዝ | ብዙ ጊዜ አለ | ብዙ ጊዜ የለም | የመኖር ዕድሉ ጥሩ ነው | የለም፤ ሽቦውም ይቀየራል |
| ጣሪያ | ትንሽ፣ ርካሽ ጥገና | ሰፊ፣ ውድ፣ ይጮኻል | መካከለኛ | ካፕሪያታው ይፈተሽ |
| የወረቀት ስጋት | ወራሾች | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ቀበሌ፣ ቅርስ |
| ወለል | ጠንካራ | እንደ ቤቱ | ዘይት የጠጣ | ለቀላል ሥራ |
| የድሮው ሥራ ቅሪት | ዱቄት፣ በርበሬ | መድኃኒት፣ ማዳበሪያ | ዘይት፣ እርሳስ | አሮጌ ሽቦ |
| ለሰው ቅርበት | በጣም ጥሩ | ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| የሚሆነው | ቅይጥ ሥራ፣ ትንሽ ቡድን | ትልቅ እንጨት፣ ሥልጠና | ብረት፣ ብየዳ | ስፌት፣ ሽመና፣ ዲጂታል |

## አሁን ኪራዩ

ኪራይን ብቻውን አታወዳድሩ። የጥገናውን ወጪ በውሉ ወራት አካፍሉና ኪራዩ ላይ ደምሩት። ለምሳሌ መጋዘኑ በወር 20,000 ብር ነው፤ ጥገናው 600,000፤ ውሉ ሁለት ዓመት። በወር 25,000 ይጨመራል፤ ትክክለኛው ኪራይ 45,000 ነው። ወፍጮ ቤቱ 30,000 ነው፤ ጥገናው 120,000፤ ውሉ አራት ዓመት። 2,500 ተጨምሮ 32,500። ውድ የመሰለው ረከሰ። ቁጥሩን እናንተ በራሳችሁ ቀይሩት፤ ሒሳቡ ግን ይኸው ነው። የውሉ ርዝመትም እንደ ብር እንደሚቆጠር ልብ በሉ። አከራዩ ኪራይ አልቀንስም ካለ ዓመት ጨምሩልን በሉት።

## ለማን የትኛው?

አምስት ስድስት ሆናችሁ በራሳችሁ ቁጠባ የምትጀምሩ ከሆነ ወፍጮ ቤት። የወራሾቹ ፊርማ ካልተሟላ ግን ቀጣዩን ወፍጮ ቤት።

ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት ከጀርባችሁ ካለ መጋዘን ሊያስኬዳችሁ ይችላል። ግን ገንዘቡ ሲመጣ መጀመሪያ ትራንስፎርመርና ጣሪያ ላይ ይዋል። ማሽን ቀድሞ ተገዝቶ መብራት ሲጠብቅ ዝጎ ያየሁት ነገር ነው። ደግሞ ሙሉውን አትሥሩት። አንዱን ጫፍ 100 ካሬ ከልላችሁ ጀምሩ፤ ቀሪው ጆንያ ይቀመጥበት።

ሴቶች የሚበዙበት የስፌትና የሽመና ቡድን ፒያሳ አካባቢ ይፈልግ። ከቀበሌ ቤት ጋር የተያያዘውን ደብዳቤ ለመከታተል ትዕግሥት ያላት አንዲት አባል ከተገኘች ግማሹ ሥራ አለቀ።

ብረት ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ጋራዥ ተከራዩና ወለሉን ፈልፍሉ። ሌላ ቤት አትዩ።

ሲንግል ፌዝ ብቻ ያለው ግን በሌላው ሁሉ የተዋጣለት ቤት ካገኛችሁ አትጣሉት። 2 ኪሎዋት ገደማ የሆነች የስሪ ፌዝ ሞተር በቪኤፍዲ (ሲንግል ፌዙን ለሞተሯ ወደ ስሪ ፌዝ በሚቀይር መሣሪያ) ሲንግል ፌዝ ላይ ትሠራለች። ብየዳውን ለጋራዥ ትታችሁ እንጨት፣ ስፌትና ኤሌክትሮኒክስ ይዛችሁ ጀምሩ። ስሪ ፌዙን ከመግባታችሁ በፊት በባለቤቱ ስም ጠይቁ እንጂ ከገባችሁ በኋላ አይሁን።

በየትኛውም ቤት ውኃ አትርሱ። ጎንደር ለሚኖር ሰው ይህን መንገር ባያስፈልግም፣ ጣሪያው ላይ አሸንዳ፣ ሥሩ አንድ ሮቶ፤ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ሳይሆን ለእሳት ጭምር። የእሳት ማጥፊያው በሩ አጠገብ ይሰቀል፤ እሳቱ ካለበት ጥግ አይደለም። ሁለተኛ መውጫ የሌለውን ቤት መስኮቱን አውልቃችሁ በር አድርጉት።

ገንዘብ ጭራሽ ከሌላችሁ አትከራዩ። እሑድ እሑድ የሚዘጋ ጋራዥ ፈልጉና ባለቤቱን አንድ ጥግ ለምኑ። እኛ ቆርቆሮው ከቀረብን በኋላ አራት ወር እንደዚያ ነው የኖርነው። ሰውየው በምትኩ የጠየቁን የጋራዡን መብራት እንድንዘረጋላቸው ብቻ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ልጆቹ ሦስት እሑድ ፈጀባቸው። ወፍጮ ቤቱን የጠቆሙንም እሳቸው ናቸው።